«ስለ ተፎካካሪዎቻችን አስተያየት አንሰጥም» ላለን የዳይሬክተሮች ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሰብሳቢ
ለቦርዱ አባላት በሙሉ

ግልባጭ፡- ለዋና ሥራ አስፈጻሚው፣ ለፋይናንስ ኃላፊው፣ እንዲሁም እንደ እኔ ጥቂት አክሲዮን ይዘው ለሚጨነቁ ሁሉ

ጉዳዩ፡- ተፎካካሪያችን የትርፍ ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ ስለታየው ዝምታ

ክቡር ሰብሳቢ፣

ዋናው ተፎካካሪያችን የዚህ ሩብ ዓመት ገቢውም ትርፉም አስቀድሞ ከተነበየው በእጅጉ እንደሚያንስ ያስታወቀው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነበር። በማግስቱ የእርሱ አክሲዮን ዋጋ ወደቀ፤ የሚጠበቅ ነው። የእኛም አብሮ ወደቀ፤ ይህም ቢሆን አዲስ ነገር አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋዜጠኞች ሲጠይቁ የኩባንያችን የሕዝብ ግንኙነት ክፍል «ስለ ተፎካካሪዎቻችን አስተያየት አንሰጥም» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ነገሩን ዘጋው።

ስለ ተፎካካሪው የጠየቃችሁ ሰው ግን አልነበረም። የተጠየቃችሁት ስለ ራሳችሁ ነው።

እኔ በሒሳብ ምርመራ ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየሁ፣ ከጡረታ በኋላ የቁጠባዬን ከፊል በዚህ ኩባንያ አክሲዮን ያዋልሁ ሰው ነኝ። የያዝሁት አክሲዮን በጠቅላላ ጉባኤ የድምፅ ቆጠራ ላይ ለውጥ የሚያመጣ አይደለም። ዋጋው እንዲመለስልኝ ልማጸናችሁም አልተነሣሁም። የአክሲዮን ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ይህን የማይችል ሰው ገንዘቡን ባንክ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተፎካካሪያችን ለውድቀቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች መካከል የትኞቹ የእኛም እንደሆኑ፣ የትኞቹ ደግሞ እንደማይነኩን ለሁሉም ባለአክሲዮን በአንድ ጊዜና በጽሑፍ ንገሩን።

«ሰው ሲታማ ለኔ ብለህ ስማ» ይባላል። ገበያው ይህንን ምክር ለእናንተ ሲል ተቀብሎላችኋል፤ የተፎካካሪውን ዜና ለእናንተ ብሎ ሰምቶ የኩባንያችንን ዋጋ ቀንሷል። አሁን የቀረው የእናንተ መስማት ነው።

ተፎካካሪው በመግለጫው አራት ምክንያቶች አስቀምጧል። አከፋፋዮች በመጋዘናቸው ዕቃ ስለተከማቸባቸው አዲስ ትእዛዝ ቀንሰዋል። አንድ ትልቅ ደንበኛ የመረጃ ማዕከል ግንባታውን ለሌላ ጊዜ አስተላልፏል። የዋጋ ፉክክሩ በርትቷል። በመጨረሻም አዲሱ ምርቱ በጥራት ችግር ዘግይቷል። ይህ የመጨረሻው የራሱ ጣጣ ነው፤ እንዲያውም ለእኛ መልካም ዜና ሊሆን ይችላል። የዋጋው ነገር ግን አጠያያቂ ነው፤ ፉክክር በአንድ ወገን አይካሄድምና። እርሱ ዋጋ የቀነሰው እኛን ለመከተል ከሆነ የእኛም የትርፍ ህዳግ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚቀረን ትርፍ፣ ሳስቷል ማለት ነው። እኛን ለመቅደም ከሆነ ደግሞ እኛ እስካሁን ዋጋችንን ይዘን የቆየንበት ምክንያት ሊነገረን ይገባል።

እንቅልፍ የሚነሡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። በዚህ ሥራ ተፎካካሪ ማለት በአንድ ገበያ ፊት ለፊት የሚቆም ባላንጣ ብቻ አይደለም። የእኛን ዕቃ የሚሸጡልን አከፋፋዮች አብዛኞቹ የእርሱንም ዕቃ ይሸጣሉ። ክፍሎቻችንን የሚያመርቱልን ፋብሪካዎች ለእርሱም ያመርታሉ። ትልልቆቹ ገዢዎች በአንድ አቅራቢ ላይ ላለመንጠልጠል ትእዛዛቸውን ለሁለታችን ያካፍላሉ። ሳምሰንግ በስልክ ሽያጭ ከአፕል ጋር እየተፎካከረ ለአፕል ስልኮች ስክሪን ሲሸጥ መኖሩ የአደባባይ ምስጢር ነው። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲም እርስ በርስ ለሚፎካከሩት ለኤንቪዲያና ለኤኤምዲ ቺፕ ያመርታል። ደማቸው እንዲህ በተቀላቀለ ድርጅቶች መካከል የአንዱ ሕመም ሌላውን አይመለከተውም ማለት ውሃ አያነሳም። በእርግጠኝነት ይመለከተዋል ማለትም እንዲሁ ስንፍና ነው። ምርመራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የምርመራው ሰነድ ያለው ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

ይህንን ያህል የምነዘንዘው በባዶ ሜዳ እንዳልሆነ ለማሳየት ጥቂት የቅርብ ጊዜ ታሪኮችን ላንሳ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 28 ቀን 2019 ኤንቪዲያ የሩብ ዓመቱ ገቢ አስቀድሞ ከገመተው 2.7 ቢሊዮን ዶላር ወደ 2.2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚወርድ አስታወቀ። የጨዋታ ግራፊክስ ካርዶቹ ዲጂታል ገንዘብ የሚያመነጩ ሰዎች ይሻሙባቸው በነበረበት ወቅት በብዛት ተመርተው፣ ያ ግርግር ሲረግብ በአከፋፋዮች መጋዘን ቀርተው ነበር። የቻይና ገበያም ቀዝቅዞ ነበር። የኤንቪዲያ አክሲዮን በዚያው ቀን 14 በመቶ ገደማ ወረደ። ተፎካካሪው ኤኤምዲም ምንም ሳይናገር 8 በመቶ ያህል ወረደ። በማግስቱ ማታ ኤኤምዲ የራሱን ውጤት አወጣ፤ ጃንዋሪ 30 ደግሞ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 20 በመቶ ገደማ ዘለለ።

ይህንን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «አያችሁ፣ ገበያው ተሳስቶ ነበር» ለማለት ይመቻልና። ወደ ኋላ መመለስ ግን ይበልጥ ያስተምራል። ኤኤምዲ የዚያው የግራፊክስ ካርድ ክምችት ሰለባ ነበር። ልዩነቱ አስቀድሞ መናገሩ ነው። በኦክቶበር 2018 ውጤቱን ሲያቀርብ ካርዶቹ በአከፋፋዮች ዘንድ መከማቸታቸውን ገለጸ፣ ለቀጣዩ ሩብ ዓመትም ገበያው ከጠበቀው ያነሰ ትንበያ ሰጠ። በማግስቱ አክሲዮኑ 15 በመቶ ገደማ በመውደቅ ዋጋውን ከፈለ። ኤንቪዲያ ስለ ክምችቱ በግልጽ የተናገረው በኖቬምበር አጋማሽ ነበር፤ ያን ጊዜም አክሲዮኑ በአንድ ቀን 19 በመቶ ያህል ወረደ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ሌላ ምት ተከተለ። እንግዲህ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሕመም ነበረባቸው። አንደኛው ቀድሞ ስለተናገረ ጃንዋሪ ላይ ባለአክሲዮኖቹ የሚጠብቁት መጥፎውን አልነበረም፤ ማገገሙን ነበር። ክቡር ሰብሳቢ፣ የእኛ ኩባንያ ከሁለቱ የትኛውን ቦታ እንደያዘ እኔ አላውቅም። ባለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ «የአከፋፋዮች ክምችት ጤናማ ነው» የምትል ሐረግ አለች። ጤናማ ማለት ስንት ሳምንት የሚያሸጥ ማለት ነው? ይህንን ያልጻፋችሁት አታውቁት ሆኖ አይደለም።

ገበያው እንዲህ ሲደነግጥ ትክክል የሆነበትም ጊዜ አለ። ሜይ 23 ቀን 2022 የስናፕቻት ባለቤት ስናፕ ከአንድ ወር በፊት ብቻ የሰጠውን ትንበያ እንደማያሟላ አስታወቀ፤ የኢኮኖሚው ሁኔታ ከተጠበቀው በላይና በፍጥነት ተበላሽቷል አለ። በማግስቱ የራሱ አክሲዮን 43 በመቶ ወደቀ። ከእርሱ ጋር ማስታወቂያ ከሚሸጡት ውስጥ ፒንተረስት ከአምስት አንድ በላይ፣ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከ7 በመቶ በላይ፣ የጉግል ባለቤት አልፋቤት 5 በመቶ ገደማ አጡ። ስናፕ ከሜታ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ድርጅት ነው፤ ብዙ ሰዎችም ያኔ «የትንሽ ድርጅት ጣጣ ትልቁን አይነካም» ብለው ነበር። ጁላይ መጨረሻ ላይ ሜታ በአክሲዮን ገበያ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሩብ ዓመት ገቢው ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ ያነሰበትን ሪፖርት አወጣ፤ ከ29.08 ቢሊዮን ወደ 28.82 ቢሊዮን ዶላር። ቅነሳው አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዕድገትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ለምዶ ለኖረ ኩባንያ ግን ትልቅ መገለባበጥ ነው። የስናፕ ምክንያት የስናፕ ብቻ አልነበረም፤ ማስታወቂያ ከፋዮቹ አንድ ነበሩ፣ እነርሱም ኪሳቸውን መቆጠብ ጀምረው ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚነሳበት ነው። ኖኪያ ሜይ 31 ቀን 2011 የትርፍ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ሰዎች ስልክ መግዛት አቁመው አልነበረም። ወደ አይፎንና ወደ አንድሮይድ ስልኮች እየሄዱ ነበር። ብላክቤሪ በሴፕቴምበር 2013 ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሩብ ዓመት ኪሳራ እንደሚጠብቀውና 4,500 ሠራተኞችን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅም እንዲሁ ነው። ደንበኛው ጠፍቷል ወይስ ቤት ቀይሯል? ለተፎካካሪ የትርፍ ማስጠንቀቂያ ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ጥያቄ አላውቅም። የተፎካካሪያችን አዲስ ምርት ዘግይቶ ደንበኞቹ በራችንን እያንኳኩ ከሆነ፣ ይህንን ደስታ ለምን ለብቻችሁ ትይዙታላችሁ?

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ሰሞን መምጣታቸው ራሱ የሚያሳስት ጊዜ አለ። በሴፕቴምበር 2000 የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በአውሮፓ የነበረው ፍላጎት መዳከሙን ጠቅሶ ሲያስጠነቅቅ አክሲዮኑ በአንድ ቀን 22 በመቶ ወረደ። ሳምንት ቆይቶ አፕልም የራሱን ማስጠንቀቂያ አወጣና ሴፕቴምበር 29 ቀን ብቻ የአክሲዮኑ ዋጋ ከግማሽ በታች ሆነ። ጥድፊያ የበዛበት ሰው ሁለቱን በአንድ ከረጢት ይጨምራቸዋል። አፕል ግን የጠቀሰው ሌላ ነበር፤ ለትምህርት ቤቶች የሚሸጠው መቀነሱንና ኪዩብ የተባለው አዲሱ ኮምፒውተሩ እንደታሰበው አለመሸጡን። ዘመኑ አንድ ነው፣ ድንጋጤው አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ለየብቻ ነው።

አፕል ከዚያ በኋላም ሌላ ምሳሌ ሰጥቶናል። ጃንዋሪ 2 ቀን 2019 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ለባለአክሲዮኖች ደብዳቤ ጻፉ። ከ89 እስከ 93 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል ተብሎ የተተነበየው ገቢ 84 ቢሊዮን ገደማ እንደሚሆን ገለጹ፤ የቻይና ኢኮኖሚ መቀዛቀዝን፣ የዶላርን መጠንከር፣ የስልክ ኩባንያዎች ድጎማ መቀነሱን፣ እንዲያውም አፕል ራሱ በቅናሽ ባትሪ መቀየሩ ሰዎች አዲስ ስልክ እንዳይገዙ ማድረጉን ሳይቀር ዘረዘሩ። አክሲዮኑ በማግስቱ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። በተሰጡት ምክንያቶች ሁሉ መስማማት አያስፈልግም፤ እኔም አልስማማም፤ የስልኮቹን ዋጋ ከልክ በላይ መስቀላቸውን የዘለሉት ይመስለኛል። ነገር ግን ምክንያቶቹ ተለያይተው ስለተቀመጡ የሌላው ኩባንያ ባለአክሲዮን «ይህኛው እኔንም ይነካኛል፣ ያኛው አይነካኝም» ብሎ ማስላት ይችላል። ከቀናት በኋላ ጃንዋሪ 8 ሳምሰንግ በበኩሉ የሥራ ትርፉ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ጊዜ በ29 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አስታወቀ። ማስታወሻ ቺፕ የሚገዙ የመረጃ ማዕከል ባለቤቶች ትእዛዝ መቀነሳቸውንና የስልክ ፉክክሩ መበርታቱን በምክንያትነት ጠቀሰ። የአፕልን ደብዳቤ በጥንቃቄ ያነበበ የሳምሰንግ ባለአክሲዮን የመጣውን ዜና በከፊል አስቀድሞ መጠርጠር ይችል ነበር፤ በከፊል ብቻ፣ የማስታወሻ ቺፑ ጉዳይ እዚያ ደብዳቤ ውስጥ አልነበረምና።

የቅርቡን ልጨምር። በኦክቶበር 2024 ቺፕ ማምረቻ ማሽኖችን የሚሠራው የኔዘርላንድሱ ኤኤስኤምኤል ውጤቱ በቴክኒክ ስህተት አንድ ቀን ቀድሞ ወጣበት። የሩብ ዓመቱ ትእዛዝ 2.6 ቢሊዮን ዩሮ ብቻ ነበር፤ ለ2025 የተተነበየው ገቢም ቀድሞ ከተሰጠው ወሰን ወደ ታችኛው ግማሽ ወረደ። የእርሱ አክሲዮን 16 በመቶ ሲወድቅ የቺፕ ኩባንያዎች በሙሉ አብረው ተናወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ የኤኤስኤምኤል ትልቅ ደንበኛ የሆነው ቲኤስኤምሲ የ54 በመቶ የትርፍ ዕድገት አስታወቀ፣ የአክሲዮኑ ዋጋም ወደ ላይ ተወረወረ። ኤኤስኤምኤል ራሱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፕ ፍላጎት ጠንካራ መሆኑን፣ የዘገየው ሌላው ገበያ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር አንብቦ የጨረሰ ሰው ግን በዚያን ቀን ብዙ አልነበረም።

የዚህ ሁሉ ጥፋት የገበያው እንጂ የእናንተ አይደለም የሚል ክርክር እንደምታነሱ እገምታለሁ። እውነት አለው። ዛሬ የሚሸጠውና የሚገዛው ሰው ብቻ አይደለም። አንድን ዘርፍ በጅምላ የሚይዙ ፈንዶች አሉ፤ ባለገንዘቦች ሲወጡባቸው ጥሩውንም መጥፎውንም እኩል ይሸጣሉ። አርእስተ ዜና አንብበው በሰከንድ ክፍልፋይ የሚወስኑ ኮምፒውተሮች አሉ። እነዚህን በመግለጫ ማስቆም አይቻልም፤ እንዲቆሙም አልጠየቅሁም። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የሚወስኑት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ መረጃ ሲያጣ የሚሞላው በወሬ ነው። የእኛ ኩባንያ አክሲዮን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀንም መንሸራተቱን የቀጠለው ለዚህ ይመስለኛል።

ላሪ ላንግ እና ሬኔ ስቱልዝ የተባሉ ሁለት የፋይናንስ ምሁራን በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጅት መክሰሩን ሲያስታውቅ የተፎካካሪዎቹ የአክሲዮን ዋጋ ምን እንደሚሆን መርምረው ነበር። በአማካይ በአንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዕዳ ባልበዛበትና ጥቂት ድርጅቶች በተቆጣጠሩት ዘርፍ ግን በተቃራኒው 2.2 በመቶ ገደማ ሲጨምር አገኙት። ክስረትና የትርፍ ማስጠንቀቂያ አንድ አይደሉም፤ ቁጥሮቹንም እንዳሉ ወደ እኛ ጉዳይ አላመጣቸውም። የኩባንያችን ዕዳ አነስተኛ መሆኑን፣ ዘርፋችንንም የያዙት ጥቂቶች መሆናቸውን ሳይ ግን ከተጎጂዎቹ ይልቅ ከተጠቃሚዎቹ ወገን የምንሆንበት ዕድል እንዳለ ይታየኛል። ዕድል ነው ያልሁት። የሚያረጋግጠው የትእዛዝ መዝገባችሁ ነው።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልግባ። ዝምታችሁ ለሁሉም እኩል ዝምታ ቢሆን ኖሮ ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ አልጽፍም ነበር። ማስጠንቀቂያው በወጣ ሰሞን አንድ የአክሲዮን አገናኝ ድርጅት ለደንበኞቹ ባሰራጨው ማስታወሻ ውስጥ «ከኩባንያው አመራር ጋር ተነጋግረን ከቀድሞው ይበልጥ ተረጋግተናል» የሚል ቃል አነበብሁ። ጋዜጠኛው «አስተያየት አንሰጥም» ሲባል፣ የአገናኝ ድርጅቱ ተንታኝ በምን ተረጋጋ? ምናልባት የተነገረው ቀድሞ በይፋ የታወቀ ነገር ብቻ ይሆናል። ምናልባት የድምፅ ቃና ብቻ ይሆናል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሳምንት የፋይናንስ ኃላፊ ፈገግታም ዋጋ አለው፤ ያንን ፈገግታ ያየው ደግሞ እኔ አይደለሁም።

ይህ የእኔ ቅንዓት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ከኦክቶበር 2000 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሬጉሌሽን ኤፍዲ የተባለው ደንብ፣ አንድ ኩባንያ ዋጋ የሚያንቀሳቅስ መረጃ ለተመረጡ ተንታኞችና ባለገንዘቦች ሲነግር ለሕዝብም እንዲገልጽ የሚያስገድደው ይህንኑ ለመከላከል ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከጁላይ 2016 ጀምሮ በሚሠራበት የገበያ ደንብ፣ ኩባንያዎች የውስጥ መረጃን፣ ማለትም ገና ያልታወቀና ዋጋ የሚያንቀሳቅስ መረጃን፣ በተቻለ ፍጥነት ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ያዛል። የሕግ አማካሪዎቻችሁ ይህንን ከእኔ በላይ ያውቁታል። «ውጤት ከመውጣቱ በፊት ባለው የጸጥታ ጊዜ ላይ ነን» የሚለው መልስም አያስኬድም። የጸጥታ ጊዜ ለጥንቃቄ ሲባል ኩባንያዎች ለራሳቸው ያወጡት ልማድ ነው፤ ለሁሉም እኩል የሚደርስ ይፋዊ መግለጫ ከማውጣት አይከለክላችሁም። ተፎካካሪያችን ራሱ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው በዚያው ጊዜ ውስጥ አይደለምን?

ሌላም ክርክር ሰምቻለሁ፦ «አንድ ጊዜ ከተናገርን፣ ተፎካካሪ ባስነጠሰ ቁጥር መናገር ይጠበቅብናል፤ አንድ ቀን ዝም ካልን ደግሞ ዝምታችን እንደ ክፉ ዜና ይተረጎማል።» ይህ ከሁሉም የተሻለው ክርክራችሁ ነው፤ አቀልለው ዘንድ አልፈልግም። ግን ዛሬስ ዝምታችሁ እንዴት እየተተረጎመ ነው? የዋጋ ሰሌዳውን ማየት በቂ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪም አይደለም። የእናንተ ትንበያ አሁንም የሚጸና ከሆነ «ባለፈው የሰጠነው ትንበያ እንደጸና ነው» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች። የማይጸና ከሆነ ደግሞ እስከ ውጤት ቀን የምትጠብቁበት ምክንያት የለም፤ ያን ጊዜ የሚጎዳችሁ የገቢው መቀነስ ብቻ አይሆንም፤ እያወቃችሁ መቆየታችሁም አብሮ ይመጣል።

አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ይከነክነኛል፤ እርሱም የአክሲዮን መልሶ ግዥው ነው። ኩባንያው ከገበያ የራሱን አክሲዮን እየገዛ መሆኑን ባለፈው ሪፖርት አስታውቋል። ዋጋው በዝምታችሁ ሰሞን ሲወርድ ግዥው ቀጥሎ ከሆነ፣ ከእኛ ከሚደነግጡት በርካሽ የገዛው እውነቱን የሚያውቀው ወገን ነው ማለት ነው። ቆሞ ከሆነ ደግሞ መቆሙ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። የኃላፊዎች የግል ሽያጭም እንዲሁ በዚህ ሰሞን መኖር አለመኖሩ ይገለጽ። ማንንም አልከስም። በምርመራ ሥራ የተማርሁት ሰው ከመጠርጠሩ በፊት ሰነዱን ማየት እንደሚገባ ነው፤ ሰነዱን አሳዩን ነው የምለው።

እንግዲህ መልስ ስትሰጡ እነዚህን እንድታካትቱ እጠይቃለሁ። የአከፋፋዮች ክምችት በሳምንት ሲሰላ ስንት ነው፣ ከስድስት ወር በፊትስ ስንት ነበር? ግንባታውን አስተላለፈ የተባለው ትልቅ ደንበኛ የእኛም ደንበኛ ነው ወይ? ስሙን አልጠይቅም፤ ከአጠቃላይ ገቢያችን ያለው ድርሻ ግን በመቶኛ ሊገለጽ ይችላል። ባለፉት ወራት ዋጋ ቀንሰናል ወይ? ለማዘግየት ወይም ለመሰረዝ የሚፈቅዱ ትእዛዞችን በትእዛዝ መዝገቡ ውስጥ እንደ ቁርጥ ሽያጭ ቆጥራችኋቸዋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ደረቅ ይመስላል፤ ብዙ ያማሩ ሪፖርቶች የተበላሹት ግን እዚያ ላይ ነው።

አብረውኝ ለተጨነቁት ባለአክሲዮኖች የምለው አጭር ነው። ሽጡም አትሽጡም አልልም፤ የእያንዳንዱን ሰው ዕዳና ልጆች አላውቅምና። ከመወሰናችሁ በፊት ግን የተፎካካሪውን መግለጫ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዜናው ሳይሆን መግለጫው ራሱ በድረ ገጹ ላይ አለ። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ ኩባንያችን ባለፈው ዓመታዊ ሪፖርቱ ስለ ደንበኞቹና ስለ አከፋፋዮቹ ከጻፈው ጎን አስቀምጧቸው። እንዲህ ስታደርጉ ጥያቄ ካገኛችሁ ለቦርዱ ጻፉ። አንድ ሰው ሲጽፍ ማስቸገር ይባላል፤ ብዙዎች ሲጽፉ አጀንዳ ይሆናል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ለእኔ በግል መልስ እንዲላክልኝ አልፈልግም፤ ቢላክልኝም እንዳለ ለሌሎች ባለአክሲዮኖች አሳውቃለሁ። መልሱ ኩባንያው ይፋዊ መግለጫዎቹን በሚያወጣበት መንገድ፣ ከውጤት ቀን በፊት፣ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይውጣ። ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ለማቅረብ የሌሎች ባለአክሲዮኖችን ፊርማ ማሰባሰብ እጀምራለሁ። አንደኛው ዋና ተፎካካሪ ትንበያውን በቀነሰ ጊዜ ኩባንያው የራሱ ትንበያ መጽናቱን ወይም አለመጽናቱን በተወሰነ የሥራ ቀን ውስጥ በይፋ እንዲያስታውቅ የሚጠይቅ ይሆናል። ሁለተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተንታኞች ጋር የሚደረግ ማንኛውም ውይይት በጽሑፍ ተመዝግቦ ለሁሉም እንዲደርስ የሚጠይቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ አነስተኛ ባለአክሲዮን